የጀልባ ነዳጅ ታንከር ክዳን በምን ይታሰር፣ በምን ይታሸግ?

በጣና ላይ ከሚሠሩት የሞተር ጀልባዎች መካከል ቋሚ የነዳጅ ታንከር ያላቸው አብዛኛውን ጊዜ ታንከሩን የሚያስቀምጡት ከተሳፋሪው እግር በታች ወይም ከኋለኛው መቀመጫ ሥር ነው። ከላዩ ያለው ክዳን በየዕለቱ ይረገጣል፣ ዕቃ ይጫንበታል፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ይወርድበታል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣም ሞገዱ የሚረጨው ውኃ ይተኛበታል። እኛ ባለጀልባዎች ስለ ሞተር ጉልበትና ስለ ነዳጅ ዋጋ ብዙ እንነጋገራለን፤ ስለ ክዳኑ የምንነጋገረው ግን ሞተሩ ክብራን ገብርኤል ገዳም አጠገብ ጸጥ ብሎ ከማጣሪያው ውስጥ ውኃ ከተቀዳ በኋላ ነው። ስለዚህ ክዳኑን ለማሰርና ለማሸግ ያሉንን አማራጮች አነጻጽራለሁ፤ ለየትኛው ጀልባ የትኛውን እንደምመርጥም ከነምክንያቱ እገልጻለሁ።

የትኛው ክዳን ነው?

በጀልባ ላይ «ክዳን» የሚባሉ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ ለአንዱ የሚስማማው ማሸጊያ ለሌላው ጥፋት ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ነዳጅ የሚሞላበት አፍ ላይ እየዞረ የሚገጥመው ክዳን ነው። ሁለተኛው በራሱ በታንከሩ አናት ላይ የሚገኘውና መለኪያው ወይም መምጠጫ ቱቦው የሚገባበትን ቀዳዳ የሚሸፍነው፣ በብሎኖች የሚታሰር ጠፍጣፋ የመፈተሻ ክዳን ነው። ሦስተኛው ታንከሩ የተቀመጠበትን ክፍል ከላይ የሚዘጋው የወለል ክዳን ሲሆን ከፋይበር ግላስ፣ ከላሜራ ወይም ከኮምፔርሳቶ ይሠራል።

ማሸጊያ ሲመረጥ ሁለት ጥያቄዎች መቅደም አለባቸው ብዬ አምናለሁ። ማሸጊያውን ነዳጅ ይነካዋል ወይስ አይነካውም? ክዳኑስ በዓመት ስንት ጊዜ ይከፈታል? ብዙ ባለጀልባዎች ወደ ዕቃ መሸጫ ሲሄዱ የሚጠይቁት «ከሁሉ የበለጠ የሚይዘው የትኛው ነው?» ብለው ነው፤ ይህ ጥያቄ ግን ወደ ተሳሳተ ምርጫ ይመራል። እጅግ የሚይዝ ማጣበቂያ ነዳጅ ሲነካው ሊለሰልስ ይችላል፤ ክዳኑን ለመክፈት በሚፈለግበት ቀን ደግሞ ወለሉን ሰብሮ ካልሆነ በቀር አይላቀቅም።

ቤንዚንና ናፍጣ አንድ አይደሉም

የቤንዚን ሞተር ያለው ሰው ከናፍጣው ባለቤት ይልቅ ሊጠነቀቅ ይገባል። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በሆነ ቅዝቃዜ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ይሰጣል፤ ናፍጣ ግን እንዲህ ዓይነት ትነት ለመስጠት ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት። የቤንዚን ትነት ከአየር ሦስት እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ወደ ጀልባው ሆድ ወርዶ እዚያው ይተኛል፤ በዚያ ካለው አየር ውስጥ 1.4 በመቶ ያህሉ ትነት ከሆነ የአንድ ባትሪ ገመድ ብልጭታ ይበቃዋል። በተጨማሪም ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ በዚህ ምክንያት ቤንዚን በእኛ ሐይቅ ላይ ከዝቅተኛ ቦታ ይልቅ በቀላሉ ይተናል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነው። የወለሉን ክዳን ውኃ እንዳያስገባ አጥብቀን ስናሽግ፣ ከታች ያለው ክፍል የራሱ የአየር መግቢያና መውጫ ከሌለው ትነቱን አብረን እናፍነዋለን። የቤንዚን ታንከር ያለበት ክፍል አየር የሚያስገባና የሚያስወጣ ሁለት ቱቦ ሊኖረው ይገባል፤ ከሁለቱ አንዱ ከባዱን ትነት እንዲያወጣ እስከ ክፍሉ የታችኛው አካባቢ መውረድ አለበት። ለትናንሽ ጀልባዎች የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ አይኤስኦ 11105 የሚመለከተው ይህንኑ የቤንዚን ክፍሎች አየር ዝውውር ነው። እንዲህ ያለ ቱቦ በሌለው ጀልባ ላይ ክዳኑን ከማሸግ በፊት ቱቦውን መግጠም ይቀድማል፤ ይህን ቅደም ተከተል የሚያስቀይር የገንዘብም ሆነ የጊዜ ምክንያት አይታየኝም።

የታንከሩ የራሱ መተንፈሻም እንዲሁ ነው። የቤንዚን ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር መጠኑ በ1 በመቶ ገደማ ያድጋል፤ ስለዚህ ማለዳ በቀዝቃዛው አየር እስከ አፉ የተሞላ 100 ሊትር ታንከር በቀትር ፀሐይ 20 ዲግሪ ቢሞቅ፣ 2 ሊትር ያህል ነዳጅ መሄጃ ይፈልጋል። ውኃ እንዳይገባ ተብሎ መተንፈሻው በጨርቅ የተወተፈበት ጀልባ አይቻለሁ። በዚያ ሁኔታ ነዳጁ ሲያድግ የመፈተሻ ክዳኑን ማሸጊያ ገፍቶ ይወጣል፤ ሞተሩ ሲመጥ ደግሞ ታንከሩ ወደ ውስጥ ይጎብጣል፣ ሞተሩም ነዳጅ ያጥረዋል። መፍትሔው የመተንፈሻ ቱቦውን ወደ ላይ አውጥቶ፣ ጫፉን ወደ ታች ማጠፍና እሳት የሚከለክል ወንፊት ማልበስ ነው።

ከቱቦ የሚወጡ ማሸጊያዎች

ሲሊኮን በየዕቃ መሸጫው ስለሚገኝና ዋጋው ስለማይከብድ የብዙ ሰው የመጀመሪያ ምርጫ ነው። ፀሐይን ይቋቋማል፣ ይለጠጣል፣ ለመቀባትም ቀላል ነው። ለነዳጅ ታንከር ግን አልመርጠውም። ተራው ሲሊኮን ቤንዚን ሲነካው ያብጥና ይላቀቃል። ሲቀባ እንደ አቼቶ የሚሸተው ዓይነት ደግሞ እየደረቀ አሲድ ስለሚያወጣ ላሜራንና አሉሚኒየምን ይበላል። ከሁሉ የሚከፋው ሲነቀል የሚተወው በዓይን የማይታይ ቅባት ነው፤ በዚያ ቦታ ላይ ቀለምም ሆነ ሌላ ማሸጊያ በቀላሉ አይይዝም። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት አንድ ባለሙያ በሲሊኮን ያሸገልኝን የመፈተሻ ክዳን አምኜ ክረምቱን ገብቼ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ የክዳኑ ዳር እንደ ልጣጭ ተነሣ፤ ከወለሉ የወረደው የዝናብ ውኃም ወደ ናፍጣው ገባ። ከዘጌ ስንመለስ ሞተሩ ቆሞ፣ ተሳፋሪዎቼ ሌላ ጀልባ መጥቶ እስኪጎትተን ድረስ በሞገድ ላይ ተቀመጡ፤ ከመካከላቸውም እናቶችና ሕፃናት ነበሩ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ አንዱ ምክንያት ያ ቀን ነው።

ፖሊዩሬታን፣ ለምሳሌ ሲካፍሌክስ በሚል ስም የሚታወቀው ዓይነት፣ ከሲሊኮን እጅግ የበረታ የመያዝ ኃይል አለው፤ ውኃንም በሚገባ ይከላከላል። የወለል ክዳን ለዘለቄታው ይዘጋ ከተባለና ነዳጅ የማይደርስበት ከሆነ ጥሩ ነው። ችግሩ ለዘለቄታው መዝጋት ራሱ ነው። ከታንከሩ በላይ ያለ ክዳን የቱቦዎቹን ፋሸታ ለማጥበቅ፣ መለኪያውን ለመቀየር፣ ከታንከሩ ግርጌ የተጠራቀመ ውኃ መኖሩን ለማየት በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ መከፈት አለበት። ለቋሚ ማጣበቂያነት የተሠሩት የፖሊዩሬታን ዓይነቶች ሲነቀሉ የፋይበር ግላሱን ሽፋን ገንጥለው የሚመጡበት ጊዜ አለ። ይህን ዓይነት የሚመርጥ ሰው ቢያንስ ሊላቀቅ የሚችለውን፣ የመያዝ ኃይሉ ዝቅ ያለውን ዓይነት ይግዛ። ፖሊዩሬታን የሚደርቀው ከአየሩ እርጥበት እየወሰደ ስለሆነ በጥርና በየካቲት ደረቅ አየር እንደሚዘገይም ይታወቅ።

ፖሊሰልፋይድ እንደ ሲሊኮን በየቦታው አይገኝም፤ ነገር ግን ነዳጅ በሚነካው ቦታ ላይ ከቱቦ ከሚወጡት ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው። በአውሮፕላን ክንፍ ውስጥ ያሉ የነዳጅ ክፍሎች የሚታሸጉት በዚሁ ዘር ማሸጊያ ነው። የሚይዘው በመጠኑ ስለሆነ ክዳኑ በስለት ሊላቀቅ ይችላል። ለመድረቅ ቀናት ይወስዳል፤ አንዳንድ ጠጣር ፕላስቲኮችንም ያሰነጥቃል። ስለዚህ መስታወት መሰል ፕላስቲክ በሆነ ክዳን ላይ መቀባት የለበትም፤ በላሜራ፣ በአሉሚኒየምና በፋይበር ግላስ ላይ ግን ያለ ስጋት ይሠራል።

ቡቲል የሚባለው፣ እንደ ሊጥ የሚለጠጠው ጥቅል ማሸጊያ ፈጽሞ ስለማይደርቅ ክዳኑን መልሶ ለመክፈት እጅግ ምቹ ነው፤ በዝናብም ላይ ታማኝ ነው። ቤንዚን ግን ያሟሟዋል። ነዳጅ ከሚሞላበት አፍ ርቆ ላለ የወለል ክዳን እቀበለዋለሁ፤ ለሌላው አልቀበለውም።

ከጎማ የሚቆረጡ ማሸጊያዎች

የመፈተሻ ክዳን የሚታሸገው በጎማ ጋስኬት ቢሆን ይመረጣል፤ ሲፈታና ሲታሰር ልፋት የለውም፣ ውፍረቱም እኩል ነው። ይሁን እንጂ ጎማ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በብዙ ጀልባ ላይ የማየው ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ነው። ከመነዳሪ ውኃንና አየርን ቢይዝም በቤንዚንም ሆነ በናፍጣ ያብጣል፤ ሲያብጥ ከብሎኖቹ መካከል እየተጨማደደ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ነዳጁም በዚያ ያዘማል። ለበርና ለመስኮት የሚሸጠው ጥቁር ኢፒዲኤም ጎማም በዚሁ ድካም የሚታማ ነው፤ ለፀሐይና ለዝናብ ግን ከሁሉ የበረታ ስለሆነ ለወለል ክዳን እጅግ ጥሩ ነው። ለታንከሩ አናት የሚመረጠው ናይትራይል የሚባለው ጎማ ነው፤ ነዳጅን የሚቋቋመው በተፈጥሮው ሲሆን የብዙ መኪናዎች የነዳጅና የዘይት ማሸጊያ የሚሠራውም ከእርሱ ነው። ቪቶን ከናይትራይል ይበልጣል፣ በተለይ ኢታኖል በተቀላቀለበት ቤንዚን ላይ፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው፤ ለናፍጣ ጀልባ ደግሞ አስፈላጊ አይደለም።

ሻጩ የጎማውን ዓይነት ካላወቀ ገዢው ራሱ ሊፈትነው ይችላል። ከጎማው ጥፍር የሚያህል ካሬ ቆርጦ ዙሪያውን በወረቀት ላይ መሳል፣ ከዚያም ክዳን ባለው ትንሽ የመስታወት ዕቃ ውስጥ በሚጠቀምበት ነዳጅ ነክሮ ከቤት ውጭ፣ ከእሳትና ከሕፃናት ርቆ በሚገኝ ጥላ ውስጥ አንድ ቀንና ሌሊት ማቆየት በቂ ነው። ሲወጣ በወረቀቱ ላይ ከተሳለው መስመር በግልጽ ካለፈ፣ ከለሰለሰ ወይም ነዳጁን ካጠቆረ ያ ጎማ ለታንከር አይሆንም።

ማሰሪያው

ማሸጊያው ጥሩ ሆኖ ማሰሪያው ደካማ ከሆነ ሥራው ከንቱ ነው። በወለል ክዳን ላይ ከሁሉ የተለመደው እንጨት የሚነክሰው ቪቴ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ካቻቢቴ ብቻ ይበቃዋል። ነገር ግን ሦስትና አራት ጊዜ ከተፈታ በኋላ ጥርሱ የያዘው እንጨት ይበላል፤ ከዚያም ቀዳዳው ውኃ ወደ ኮምፔርሳቶው ልብ ያስገባል፣ ዙሪያው ይበሰብሳል። ቪቴን መተው የማይችል ሰው እያንዳንዱን ቀዳዳ አስፍቶ ይብሳ፣ ኢፖክሲ በሚባለው ጠጥሮ በሚደርቅ ሙጫ ይሙላ፣ ሲደርቅ ደግሞ በመካከሉ ቀጭን ቀዳዳ ይብሳ፤ ያን ጊዜ ቪቴው የሚነክሰው እንጨቱን ሳይሆን ውኃ የማይገባውን ኢፖክሲ ይሆናል።

ከዚህ የሚሻለው ከሥር በቋሚነት በተተከለ ዳዶ ውስጥ የሚገባ ብሎን ነው። ክዳኑ መቶ ጊዜ ቢፈታ ጥርሱ አይበላም፤ የማጥበቅ ኃይሉም በሁሉም ብሎን ላይ እኩል ሊሆን ይችላል። ዋጋው የመጀመሪያ ቀን ድካም ብቻ ነው። ሦስተኛው አማራጭ፣ በእጅ ሩብ ዙር የሚዞር መቆለፊያ፣ ለየዕለቱ ፍተሻ ይመቻል፤ ግን ጋስኬቱን በሚገባ ለመጫን ኃይል ስለሚያንሰው ብዙ ሰው በሚረግጠው ክዳን ላይ ብቻውን አላምነውም።

የብሎኑ ብረት ስቴንለስ ስቲል ይሁን። የጣና ውኃ ጨው የሌለበት ስለሆነ 304 የሚባለው ደረጃ ይበቃል፤ ለጨው ውኃ የሚመከረውን ውዱን 316 ለመግዛት ገንዘብ ማባከን አያስፈልግም። ዚንክ የተቀባ ብሎን ለወለሉ ሊሆን ይችላል፤ ከናፍጣ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ግን መቅረት አለበት፤ ናፍጣ ከዚንክ ጋር ሲቆይ ማጣሪያ የሚዘጋ ሳሙና መሰል ዝቃጭ ይፈጥራልና። ስቴንለስ ብሎን በአሉሚኒየም ታንከር ላይ የሚታሰር ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ብረቶች በእርጥበት ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ስለሚበላ፣ ከሮንዴላው ሥር የፕላስቲክ ወይም የጎማ መለያ ይግባ።

በወለል ክዳን ላይ በብሎኖች መካከል ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ርቀት ቢኖር ይስማማኛል፤ ከዚያ ከሰፋ ክዳኑ በመካከል ይጎብጣል። ሲጠበቅም የመኪና ጎማ እንደሚታሰር በተቃራኒ እየተሻገሩ፣ በሁለትና ሦስት ዙር ቀስ በቀስ ማጥበቅ ይገባል። ስፖንጅ ጎማ ከውፍረቱ ሲሶ ያህል ሲጫን ይበቃዋል። ከቱቦ የወጣ ማሸጊያ ደግሞ በጣም ከተጠበቀ ሁሉም ተጨምቆ ስለሚወጣ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ንብርብር መሃል እንዲቀር መተው አለበት። የፕላስቲክ ታንከር ያለው ሰው አንድ ነገር ይጨምር፦ ፖሊኤቲሊን ታንከር መጀመሪያ ነዳጅ ሲሞላ 2 በመቶ ያህል ያብጣልና፣ የወለሉ ክዳን ታንከሩን እንዳይጫነው ክፍተት ይተውለት።

ምርጫዬ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ቅርብ ገዳማት ጎብኚ የሚያመላልስ፣ ቋሚ የቤንዚን ታንከር ያለው ጀልባ፣ በመፈተሻ ክዳኑ ላይ ናይትራይል ጋስኬት፣ በወለሉ ላይ ኢፒዲኤም ስፖንጅ ጎማ ከቋሚ ዳዶና ከስቴንለስ ብሎን ጋር ቢጠቀም ይሻላል። እዚህ ላይ ከቱቦ የሚወጣ ምንም ነገር አልጨምርም፤ ክዳኑ በየሳምንቱ ተከፍቶ በአፍንጫ መፈተሽ አለበትና። ወደ ደቅ ደሴት ወይም ሐይቁን አቋርጦ ወደ ጎርጎራ ለሚሄድ የላሜራ ናፍጣ ጀልባ የወለሉ ክዳን ሰፊና ከባድ ስለሚሆን፣ ከናይትራይሉ ጋስኬት ሌላ የወለሉን ዙሪያ በፖሊሰልፋይድ መሙላት ተገቢ ነው። እንዲህ ያለ ጀልባ መንገዱ ረጅም ነው፤ በናፍጣና በውኃ መገናኛ ላይ የሚራባው ጥቁር አተላም በመካከለኛው ሐይቅ ላይ ማጣሪያ ቢዘጋ የሚደርስ ረዳት ቅርብ አይደለም። በጀሪካን ወይም በተንቀሳቃሽ ታንከር ለሚሠራ ትንሽ ጀልባ ጉዳዩ የመሙያው ክዳን ብቻ ነው፤ የክዳኑን ክብ ጎማ በናይትራይል መቀየር፣ ታንከሩንም እንዳይንሸራተት በጠፍር ማሰር ይበቃል።

ከመሥራትና ከመፈተሽ በፊት

ሥራው በሚያዝያ ወይም በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይበረታ ቢጠናቀቅ መልካም ነው። ክዳኑ ሲፈታ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ የባትሪው ገመድ ይነቀል፣ ነዳጁ ይቀዳ፣ ክፍሉም ለሰዓታት ክፍት ሆኖ ይናፈስ። ቤንዚን በነበረበት ታንከር ላይ ትራፓኖ ማስነሣት ወይም ብየዳ መሞከር ሕይወት የሚያስከፍል ስለሆነ ታንከሩ ከጀልባው ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ ለዚህ ሥራ ለሠለጠነ ሰው ይሰጥ። አሮጌ ሲሊኮን የነበረበት ቦታ በስለት ተፍቆ፣ በአሸዋ ወረቀት ተፈግፍጎ፣ በአልኮል ደጋግሞ ካልተጠረገ አዲሱ ማሸጊያ እንደሚላቀቅ መጠበቅ ነው።

የመፈተሻ ክዳኑ ማፍሰስ አለማፍሰሱን ለማወቅ ታንከሩን ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕሬሰር መንፋት በፍጹም አይገባም። የነዳጅ ታንከር የሚፈተነው ከአየሩ ግፊት በ0.2 ባር ገደማ ብቻ በሚበልጥ ግፊት ነው፤ ይህ ትንሽ ይምሰል እንጂ ጎኑ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር በሆነ ላሜራ ላይ የግማሽ ቶን ያህል ጫና ያሳርፋል፣ ከዚያ ከበለጠ ታንከሩ ሊፈነዳ ይችላል። ለእኛ የሚበቃው በብስክሌት ፓምፕ ቀስ ብሎ፣ ግፊቱን በመለኪያ እየተከታተሉ መንፋትና የክዳኑን ዙሪያ በሳሙና አረፋ መቀባት ነው፤ አረፋው ከተነፋ በዚያ በኩል ያስተነፍሳል።

የወለሉ ክዳን በጠመኔ ይፈተናል። የጋስኬቱ አናት ዙሪያውን በጠመኔ ይቀባል፤ ክዳኑ ታስሮ መልሶ ሲፈታ ጠመኔው በክዳኑ ሆድ ላይ ሳይቋረጥ መታተም አለበት። ከተቋረጠ በዚያ ቦታ ላይ ክዳኑ ጎብጧል፣ ወይም አንድ ብሎን ላልቷል። ማኅተሙ ሙሉ ከሆነ በኋላ በታንከሩ ዙሪያ ደረቅ ጋዜጣ ተነጥፎ ክዳኑ ይታሰር፣ በባልዲ ውኃም ለሩብ ሰዓት ያህል ይፈስስበት። ጋዜጣው ደርቆ ከወጣ ነዳጁ መልሶ ይሞላል፤ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በወረደ ማግስትም ክዳኑ እንደገና ተፈትቶ ይታያል።